ኮፋኖ ሥር ያለፉ ቅዳሜዎች

ዛሬ ምንም የሆነ ነገር የለም። ከጠዋት ጀምሮ ግን ልቤ አልረጋ ብሏል። ያፈላሁት ቡና ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሥራም ነበረኝ፣ አልነካሁትም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ መጣ መጣ እያለ ይቀራል። እንዲህ ባለ ቀን ለንደን ትከብደኛለች።

መስኮት ስከፍት ታች ያለው ጎረቤት የሣር ማጨጃውን ሊያስነሳ ይታገላል። ገመዱን ይስባል፣ እምቢ ይለዋል፣ ደግሞ ይስባል። ወዲያው ያልተቃጠለ ቤንዚን ሸተተኝ። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን በሐሳብ ኦክስፎርድ ገባሁ፤ ያቺ ጠባብ ጋራዥ ውስጥ።

ሚጄቷን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ ለማታውቋት፣ ኦክስፎርድ ሳለሁ የነበረችኝ ኤም ጂ የሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ የሠራት ትንሽ የስፖርት መኪና ናት። ስለ መንዳቷ እዚህ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ። ዛሬ የናፈቀኝ ግን መጠገኗ ነው። እጄ ናፈቃት ብል ይሻላል።

የ1972 ነበረች፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው። አረንጓዴ ሆና ከፊትም ከኋላም የሚያብረቀርቅ ፓራውልት ነበራት። ርዝመቷ ሦስት ሜትር ተኩል፣ ክብደቷ 700 ኪሎ ገደማ። ሁለት ሰው ትጭናለች፣ በቃ። ሞተሯ 1275 ሲሲ፣ ጉልበቱ 65 ፈረስ። ለዛሬ ወጣት ይህን ብትነግረው ትንሽ ያዝንልሃል። ነገር ግን ውስጧ ስትቀመጥ መሬቱ እዚያው አጠገብህ ነው። እጅህን በበሩ ላይ አውጥተህ ብትዘረጋ አስፋልቱን የምትነካው ይመስልሃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የምትበር ነው የሚመስልህ። ለመደሰት ሕግ መጣስ አያስፈልግህም። እንዲህ ያለ ነገር ከሌላ መኪና አግኝቼ አላውቅም። በእሁድ ጠዋት በዋንቴጅ በኩል አድርገን፣ ጣሪያዋን አጥፈን፣ አፊንግተን ኮረብታ ላይ ከጥንት ጀምሮ በነጭ ኖራ የተሣለውን ፈረስ ለማየት የሄድንባቸው ቀናት አሉ። እሱን ሌላ ቀን።

የእነዚህ ትንንሽ መኪኖች አፈጣጠር ራሱ ደስ ይለኛል። ታላቅ እህቷ ስፕራይት የወጣችው በ1958 ነው። ያሰቧት ዶናልድ ሂሊና ልጁ ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ብዙ ገንዘብ የሌለው ሰውም የስፖርት መኪና ይንዳ። ሁሉን ነገር አዲስ ለመሥራት ደግሞ በጀት የለም። ስለዚህ ሞተሩን ከኦስቲን ኤ 35 ወሰዱ። መሪውን ከሞሪስ ማይነር ወሰዱ። የፊት መብራቶቿ ተኝተው የሚነሱ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ዋጋው ሲበዛ ኮፋኖው ላይ እንደቆሙ ቀሩ። እንግሊዞች እንቁራሪት ዓይን የሚሏት በዚህ ነው። ከውጭ የበር እጀታ አልነበራትም። የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ክዳን አልነበረውም፤ ሻንጣህን ለማውጣት ከመቀመጫው ጀርባ እየዳህክ መግባት ነው። በ1961 መልኳ ተቀየረና በኤም ጂ ስም መንትያዋ ወጣች፤ ሚጄት። ሁለቱንም ይገጣጥም የነበረው ፋብሪካ አቢንግደን ነው። ከኦክስፎርድ በስተደቡብ ቅርብ ናት።

ያለውን አገናኝቶ አዲስ ነገር ማውጣት ለእኔ እንግዳ አልነበረም። አጎቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ቮልስ ይጠግን ነበር። ሶማሌ ተራ ያልተገኘውን ዕቃ ሞርሳ ላይ አስሮ በሞረድ ያወጣው ነበር። የእኔ ሥራ ቁልፍ ማቀበል ነው። «የ13 አምጣ!» ሲለኝ ሳላይ በእጄ ለይቼ አነሳለሁ። የሚጄቷ ብሎኖች ግን በኢንች ነበሩ። ግማሽ ኢንች፣ 7/16፣ 9/16። እጄ እንደ አዲስ መማር ነበረበት። ደስ ብሎት ተማረ።

ስገዛት አትነሳም ነበር። ሣር በቅሎባት፣ ጎማዎቿ ተንፍሰው፣ የአንዲት ሴትዮ ጓሮ ውስጥ ነበረች። ያኔ ርካሽ ነበሩ፤ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እየጎተትን ስናመጣት ከማዶ ያሉት ሽማግሌ አጥራቸውን ተደግፈው አዩን። ጋሽ ዲ እላቸዋለሁ። እሳቸው ባይሰሙትም በልቤ ጋሼ ነበሩ። መንገዱን ተሻግረው መጡ። ሰላምታ የለም፣ ስም የለም። ኮፋኖውን አስከፈቱኝና የሞተሩን አናት፣ ቴስታታውን፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይኼ ሞተር አልሞተም» አሉኝ። ከዚያ ነው ስሜን የጠየቁኝ።

አቢንግደን ፋብሪካ የሠሩ ሰው ነበሩ። እዚያ እንደ ሌላው ፋብሪካ በሞተር የሚሄድ መስመር አልነበረም አሉኝ። መኪናዋን ከአንዱ ሠራተኛ ወደ ቀጣዩ በእጅ እየገፉ ነው የሚያሳልፏት። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሚጄቷን ከጋራዥ ገፍቼ ባወጣኋት ቁጥር ትዝ ይለኛል። ከእኔ በፊት ስንት መዳፍ ገፍቷታል?

ቅዳሜ ጠዋት ሻያቸውን ይዘው ይመጣሉ። ካርቡራቶር፣ አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሚጄት ኤስ ዩ የሚባሉ ሁለት ካርቡራቶሮች አሏት። በእያንዳንዳቸው አናት ላይ ጉልላት አለ። ጉልላቱ ውስጥ ፒስተን አለ፤ ከፒስተኑ ሥር ሾጣጣ መርፌ ተንጠልጥላለች። ሞተሩ አየር ሲስብ ፒስተኑ ይነሳል። መርፌዋ አብራ ስትነሳ ቤንዚኑ በልኩ ያልፋል። ፒስተኑ በድንገት እንዳይዘል ከላይ ትንሽ ዘይት ታደርግለታለህ። የተሰወረ ነገር የለውም። ፈተህ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጋው አሠራሩን ከራሱ ትረዳዋለህ።

ሁለቱን እኩል ማድረግ ነው ሥራው። ጋሽ ዲ ለዚህ የሚጠቀሙት ቁራጭ የጎማ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ሌላውን የካርቡራቶሩ አፍ ላይ። አየሩ ሲገባ ያፏጫል። ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ፣ ይሰማሉ፣ ብሎኗን ትንሽ ያዞራሉ። ፉጨቱ እኩል እስኪሆን። ከዚያ ፒስተኑን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያደርጉታል። የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል። ከወረደና ልጥፋ ልጥፋ ካለ አንሷል። ትንሽ ጨመር ብሎ ወዲያው ወደ ቦታው ከተመለሰ ልኩ ያ ነው።

«አሁን አንተ» አሉና ቱቦውን ሰጡኝ። መጀመሪያ ላይ የምሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ብዙ ቅዳሜዎች ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ልዩነቱን ሰማሁት። እንዴት እንደሰማሁት ለማስረዳት ቃል የለኝም። ጆሮ ሲከፈት ይታወቃል። ጋሽ ዲም ፊቴን አይተው ነው ያወቁት። ምንም ሳይሉ ሻያቸውን ለመቅዳት ገቡ።

ያኔ ሕይወቴ እንዴት እንደነበረ ታውቃላችሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ መልስ የለም። ስልክ እደውላለሁ፣ ሙዚቃ ያሰሙኛል። ስለ ራሴ ነገ እንኳ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ሚጄቷ ግን ስትጠየቅ ትመልሳለች። ካንዴላዋን ስታወጣ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቶባታል። ነጭ ከሆነ አንሷታል። የቡና ዓይነት ቀለም ከያዘ ደህና ናት። የቫልቮቿን ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.30 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካክለህ ስትዘጋው የሚንኳኳው ድምፅ ይቀንሳል። መብራት ከጠፋ ሽቦውን ተከትለህ ትሄዳለህ። አብዛኛውን ጊዜ ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጓል፤ በብርጭቆ ወረቀት ትፈትገዋለህ፣ ይበራል። ጥያቄህ ትክክል ከሆነ መልሱ እዚያው ቀን፣ እዚያው ቦታ ላይ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚያናግረኝ ሌላ ነገር አልነበረኝም። ማታ እጄን በሳሙናና በስኳር ስታጠብ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ሁሉም ጥሩ ነበር አልልም። ዝገቱ ክፉ ነው። እዚህ አገር በክረምት በረዶ እንዳይሠራ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዉ ከበሮቿ ሥር ያለው ረጅም የላሜራ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ጣሪያ ለሌላት መኪና ያ ሳጥን አከርካሪዋ ነው። እሱ ከበሰበሰ መሃሏ ይጎብጣል፣ በሩም አልከፈት ይላል። አንድ ክረምት ሙሉ ላሜራ ስንቆርጥ፣ ስንበይድ፣ ስንፈትግ ከረምን። ፍሪሲዮን ለመቀየር ደግሞ ሞተሩን ማውጣት ግድ ነው። ጓደኛዬ ቲ እና እኔ በሰንሰለት ማንሻ አንጠልጥለን ስናወጣው ባለቤቴ ከታች ባትሪ ታበራልን ነበር። ያኔ ገና ባለቤቴ አልሆነችም። ሞተሩ አየር ላይ ሲወዛወዝ «ይኼ ነው እንዴ በቃ?» አለች። ይኼ ነው። ልብስ ከሚይዝ ሻንጣ ብዙም የማይበልጥ ብረት።

እና ያ ሞተር ሲገርመኝ ይኖራል። ዘሩ የተጀመረው በ1951 ነው፣ በትንሿ ኦስቲን ኤ 30፣ 803 ሲሲ ሆኖ። ከዚያ ሞሪስ ማይነር ውስጥ ገባ፣ ሚኒ ውስጥ ገባ፣ ስፕራይትና ሚጄት ውስጥ ገባ። የመጨረሻው የድሮ ሚኒ በ2000 እስኪወጣ ድረስ ይሠሩት ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት! ነርሷም ፖስተኛውም ወደ ሥራ የሄዱበት ሞተር ነው። ጋሽ ዲ ስለሱ ሲያወሩ አብሯቸው የሠራ ሰው ያስመስሉታል።

ስለ ፋብሪካው መዘጋት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወሩኝ። መስከረም 1979 ነው። ኤም ጂ አቢንግደን የገባበትን 50ኛ ዓመት ከተማው ሁሉ በሰልፍና በሙዚቃ አከበረ። በማግስቱ ያለው ሰኞ፣ ባለቤት የሆነው ትልቁ ኩባንያ እዚያ የስፖርት መኪና መሥራት ሊያቆም መሆኑን አሳወቀ። በጥቅምት 1980 ተዘጋ። ጋሽ ዲ ይህን ሲነግሩኝ የካርቡራቶሩን ክዳን በጨርቅ እየወለወሉ ነበር። ክዳኑ ከጸዳም በኋላ መወልወላቸውን አላቆሙም።

አሁን እሳቸው የሉም። እኔም ወደ ለንደን ስዛወር ሚጄቷን ሸጥኳት። ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፤ ከታች የሚዘጋ ቦታ የለም። እሷ ደግሞ ጣሪያ ትፈልጋለች። የገዛት ልጅ ከሰሜን የመጣ ነው፣ ዓይኑ ደስ ይላል። ስለ ዝገቱ፣ ስለ ዘይቱ፣ አንደኛ ማርሽ ስትሄድ እንደማይገባላት ሁሉን ነገርኩት። ቱቦውን ግን አልሰጠሁትም። ጆሮውን ልሰጠው አልችልማ።

ይኼ ነው ዛሬ እያሰብኩ የዋልኩት። ዕቃው አለ። የድሮ መኪና ዕቃ የሚሠሩ ሰዎች የፋብሪካውን የድሮ ማሽኖች ፈልገው አግኝተው ከ1988 ጀምሮ የሌላዋን የኤም ጂ መኪና፣ የኤም ጂ ቢን፣ ሙሉ ቦዲ እንደገና ሠርተዋል፤ በኋላ የሚጄትንም። ላሜራ ይገዛል፣ ጓርኒሲዮን ይገዛል። መጽሐፍም አለ። ያንን ፉጨት የሚለይ ጆሮ ግን ከሰው ወደ ሰው ነው የሚሄደው፤ አጠገብህ ቆሞ ቱቦውን የሚያቀብልህ ሰው ይፈልጋል። ልጄን አስተምራታለሁ እላለሁ። በምን ላይ? የእኛ መኪና ኮፋኖ ሲከፈት የሚታየው ጥቁር ፕላስቲክ ነው።

ታርጋዋን አልረሳሁም። መንግሥት በከፈተው ገጽ ላይ ቁጥሩን ብትጽፍ መኪናዋ መንገድ ላይ መሆን አለመሆኗን ይነግርሃል። 40 ዓመት ያለፋቸው ግብር የለባቸውም፣ ኤም ኦ ቲ የሚባለውን የየዓመቱ የመኪና ምርመራም አይገደዱም፤ ስለዚህ ጥሩ ሰው እጅ ከገባች የምትኖርበት ምክንያት አላት። ከ2021 ወዲህ ግን ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ይበላል። ቱቦዎቿን የቀየረላት ሰው ይኖር ይሆን? ወይስ ኤታኖሉ ያነሰበትን ውዱን ቤንዚን ነው የሚቀዳላት?

ቁጥሩን ግማሽ ድረስ ጽፌ አቆምኩ። አልተገኘችም ቢለኝ አዝናለሁ፣ ያ ይገባኛል። የጨነቀኝ ሌላው ነው። አለች ቢለኝስ? አንድ ሰው ጋራዥ ውስጥ፣ እየሠራች፣ አለች ቢለኝ፣ እኔ ከዚያ በኋላ ምን ላደርግ ነው?