ሃይሉክሴ ዳገት ላይ ለምን ትጠፋ እንደነበር፦ የአራት ወር ፍለጋ

የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ። አባይ በረሃን ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ደጀን ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ሞተሩ ተንገጫገጨ። ነዳጅ ብረግጥ አይቀበልም። ከዚያ ጭጭ። ዳር አስይዤ ኮፈኑን ከፈትኩ። የሚንጠባጠብ ነገር የለም፣ የናፍጣ ሽታም የለም። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቼ ቁልፉን ሳዞረው ምንም እንዳልነካው ተነሳ፤ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስም አንዴ እንኳ አልደገመውም።

መኪናዋ ባለ 2.5 ሊትር ዲ ፎር ዲ የናፍጣ ሞተር የቶዮታ ሃይሉክስ ናት። እኔ መካኒክ አይደለሁም። ግን ይሄ መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ሰውን ያደክማል። ጋራዥ ስትገባ አትጠፋም፣ ስትወጣ ትጠፋለች። የወሰድኩበት ቦታ ምንም ሳይለኩ "ፖምፓው ሞቷል፣ ይቀየር" አሉኝ። ፖምፓ የሚሉት ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከውን ፓምፕ ነው። ዋጋው የሦስት ወር ደመወዜ ነው። ከፍዬ ባይድንስ? ልቤ አልተቀበለውም፣ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያደረግኩት ትንሽ ደብተር ዳሽቦርዱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። በጠፋች ቁጥር እጽፋለሁ፦ የት ነበርኩ፣ ምን ያህል ነድቻለሁ፣ ናፍጣው ስንት ነበር፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ተነሳች። ህዳር መጨረሻ ላይ አምስት ጊዜ ተመዝግቦ ነበር። ሳነበው አምስቱም ዳገት ላይ ናቸው፣ በአምስቱም ናፍጣው ከግማሽ በታች ነው፣ አምስቱም ጊዜ ትንሽ ካረፈች በኋላ ተነስታለች። ፉል በሞላሁበት ሳምንት አንድም የለም። በሐሳቤ ብቻ ብይዘው ኖሮ የናፍጣውን መጠን በጭራሽ አላስተውለውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረዳት ነበረብኝ። በዚህ ሞተር ሳልቫትዮው (የናፍጣ ማጠራቀሚያው) ውስጥ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የለም። ናፍጣውን ከኋላ ድረስ፣ በፊልትሮው (በማጣሪያው) በኩል እየሳበ የሚያመጣው ሞተሩ ላይ ያለው ፖምፓ ራሱ ነው። ስለዚህ ከሳልቫትዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ሁሉ የሚሳብ መስመር ነው። ሞተሩ እየሠራ እዚያ ላይ ስንጥቅ ቢኖር ናፍጣ ወደ ውጭ አይወጣም፣ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ኮፈን ከፍቼ የሚንጠባጠብ ስፈልግ የከረምኩት በከንቱ የሆነው። ደግሞ ናፍጣውን ወደ ፖምፓው የሚገፋው የውጭው አየር ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ግፊት ከባህር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ደጋ ላይ ለምንኖር ሰዎች በሚሳበው መስመር ላይ ያለ ትንሽ መዘጋት ቶሎ ይሰማል ማለት ነው።

አንድ የቆዩ ፖምፒስታ (የናፍጣ ፖምፓ ባለሙያ) ሳማክራቸው፣ "ልጄ፣ ፖምፓውን ከመንካትህ በፊት ናፍጣው ሲመጣ በዓይንህ እየው" አሉኝ። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል ክንድ የምታህል ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ አስገባሁ። ሞተሩን ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ) ትቼ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ናፍጣው ውስጥ እንደ አምቦ ውሃ ጥቃቅን አረፋ ይሄዳል! ወደ ፊልትሮው የሚገባው ጎማ ቱቦ ማሰሪያው ስር ተሰንጥቋል፤ ጣቴ ሲያጥፈው ብቻ ነው የሚታየው። ቱቦውን ለናፍጣ በተሠራ ቀየርኩ፣ ፊልትሮውንም አብሬ፣ ከዚያ ፊልትሮው ራስ ላይ ባለችው የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ድረስ ጭኜ አየሩን አስወጣሁ። አረፋው ጠፋ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሁለት ሳምንት ቆየ። ታህሳስ ላይ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ እንደገና ጠፋች።

አንድ ስንጥቅ አገኘሁ ማለት ምክንያቱን ሁሉ አገኘሁ ማለት እንዳልሆነ እዚያች ዳገት ላይ ነው የገባኝ። ከጓደኛዬ ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ተዋስኩ። የምታዩት ሁለት ቁጥር ነው፦ ኮምፒውተሩ የሚፈልገው የናፍጣ ግፊትና በትክክል ያለው ግፊት። ሚኒሞ ላይ ሁለቱም 300 ባር አካባቢ አብረው ይሄዳሉ። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ እያነበበልኝ እንጦጦን ወጣን። የሚፈለገው ከ1,000 ባር በላይ ሆኖ ሳለ ያለው ግፊት መውረድ ጀመረ፣ 700፣ 500፣ ከዚያ ጠፋች። የተመዘገበው ኮድ ፒ0087 ነው፣ ግፊት አነሰ የሚል። ብዙ ሰው ይህን ኮድ ሲያይ ፖምፓ ይቀይራል። ኮዱ ግን ያነሰበትን ምክንያት አይናገርም። ፖምፓ ቢደክምም፣ ናፍጣ ባይደርሰውም ያው ኮድ ነው የሚመጣው።

ለመለየት የጀሪካን ሙከራ አደረግን። ንጹህ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ጭነት ማስቀመጫው ላይ በገመድ አጥብቀን አሰርን። የሚስበውን ቱቦ ከሳልቫትዮው ነቅለን ጀሪካኑ ውስጥ ከተትን፣ መላሹንም (ትርፉን ናፍጣ ወደ ሳልቫትዮው የሚመልሰውን ቱቦ) እንዲሁ። ከዚያ ወደ ኋላ ያለው ሁሉ ከጨዋታ ወጣ። እንጦጦን ሦስት ጊዜ ወጣናት። ግፊቱ አንዴም አልወረደም። የሞተ የተባለው ፖምፓ 1,200 ባር ላይ ደልደል ብሎ ቆመ።

ስለዚህ ችግሩ ሳልቫትዮው ነው። በማግስቱ አወረድነው። ውስጡ አንድ ጥቁር የፌስታል ቁራጭ ተኝቷል፣ የግማሽ መዳፍ ያህል፣ ጠርዙ ክብ ሆኖ የተቆረጠ። ወዲያው ትዝ አለኝ። ናፍጣ የጠፋ ጊዜ ገጠር ከጀሪካን ገዝቼ ነበር፤ እንዳይፈስ ክዳኑ ስር ፌስታል ያደርጉበታል፣ ታውቁታላችሁ። ቀዳዱ አብሮ ገብቷል። ናፍጣው ሲጎድልና ዳገት ላይ ስቦቱ ሲበረታ ፌስታሉ ሄዶ መሳቢያው አፍ ላይ ይለጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ስቦቱ ይለቃል፣ ፌስታሉ ይወድቃል፣ መኪናዋ ትነሳለች። ደብተሩ ላይ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ትርጉም አገኘ።

አንድ ነገር አደራ። በድሮዎቹ የናፍጣ ሞተሮች መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው) ዳዶ ላላ አድርገው አየር ያስወጡ ነበር። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ በፍጹም አትሞክሩት። ከፖምፓው በኋላ ያለው ግፊት እስከ 1,600 ባር ይደርሳል፣ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቀዳዳው ትንሽ ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገው ጉዳት ነው። እኔ የነካሁት ከፖምፓው በፊት ያለውን ብቻ ነው፣ እሱንም ሞተር አጥፍቼ።

ባለፈው ሳምንት ያንኑ አባይ በረሃ ከሩብ ባነሰ ናፍጣ፣ ጭነት ይዤ ወጣሁት። ደጀን እስክገባ ሁለቱ ቁጥሮች አልተለያዩም። አሁን የቀረኝ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት ትንሽ መዘግየቷ ነው፣ ስታድር ናፍጣው ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስለኛል፤ ቀጥሎ የማየው የፊልትሮውን ራስና የመላሹን ቱቦዎች ነው። በዚሁ ሞተር ላይ ከኢንጀክተር የሚመለሰውን ናፍጣ የለካችሁ ካላችሁ፣ በደቂቃ ስንት እንዳገኛችሁ ንገሩኝ።