ከላስቲኩ በፊት

ዛሬ ማለዳ አትክልት የምናሳድግበትን የላስቲክ ቤት (ግሪንሃውስ) በር ስከፍት ከቅስቱ አናት አንዲት ጠብታ ማጅራቴ ላይ አረፈች። ቀና ብዬ ሳይ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ከዳር እስከ ዳር አልቦታል። ጠብታዎቹ እየወፈሩ፣ አንዷ ሌላዋን እየዋጠች፣ በጎንና በጎኑ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። አፈሩና ቅጠሉ ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍሱ ያደሩት እርጥበት ነው። ሁለቱንም በሮች ወለል አድርጌ ከፍቼ መደቡ ዳር ቁጭ አልኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ላስቲኩ ከበሮቹ ጀምሮ እየጠራ መጣ። ቤቱን ከሠራነው ሦስት ወር ሞላው። ዝርዝሩ ከአእምሮዬ ሳይጠፋ ልጻፈው ብዬ ነው ደብተሬን ይዤ የገባሁት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከዘር አንስቼ ሰባት ሳምንት ያሳደግኳቸውን የቲማቲምና የቃሪያ ችግኞች ወደ መደብ ባዛወርኩ በአራተኛው ቀን በረዶ ወረደ። ብዙም አልቆየም። ሲያባራ ስወጣ ግንዳቸው ተሰብሮ፣ ቅጠላቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ጭቃው ላይ ተነጥፈዋል። ከአርባ ሁለቱ የተረፉት አምስት ብቻ ነበሩ። ማታ ለታናሽ ወንድሜ «እነዚህ ልጆች ጣራ ያስፈልጋቸዋል» አልኩት። «እሺ እታለም፣ እንሠራላቸዋለን» አለኝ። ያኔ ሁለታችንም የአንድ ቅዳሜና እሁድ ሥራ መስሎን ነበር።

ቦታ መምረጡ ብቻውን አንድ ወር ወሰደ። ያ ወር ግን በከንቱ አላለፈም። መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ከጓሮው ግድግዳ ሥር ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። ወዲያው ከመቆፈር ይልቅ በየሳምንቱ አንድ ቀን እየመረጥኩ፣ ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ፣ የግድግዳውና የዛፉ ጥላ በደረሰበት ሁሉ ካስማ ተከልኩ። ወንድሜ ቱቦውን መቼ እንደምንገዛ ይጠይቀኛል፤ እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት ጨምርልኝ እለዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ካስማዎቹ ቁልጭ አድርገው አሳዩን፤ ያ የተመኘሁት ሜዳ የቀኑን ግማሽ በጥላ ነው የሚያሳልፈው። ጠበብ ያለው፣ ለውሃ ቧንቧው የሚቀርበው ቦታ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ አይለየውም። በአንዱ ረጅም ካስማ ጫፍ ላይ ቀጭን የጨርቅ ቁራጭ አስሬ ስለነበር ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደሚመጣም አወቅን። ጠባቡ ጎን ነፋሱን እንዲገጥመው አድርገን አቀድነው። ረጅሙን ጎን ለነፋስ መስጠት ሸራ ወጥሮ መቆም ነው።

ስፋቱን 3 ሜትር፣ ርዝመቱን 6 ሜትር አደረግነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ ደስ ይለኝ ስለነበር ሙሉውን አስቀምጠዋለሁ። 3 ሜትር የሚሰፋ ግማሽ ክብ ቁመቱ 1.5 ሜትር ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ የሚሠራበት ቤት ውሎ አድሮ ሰው የማይገባበት ቤት ይሆናል። ስለዚህ ቅስቶቹን በግራም በቀኝም 50 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ እግር ሰጠናቸውና መሐሉ 2 ሜትር ሆነ። ቅስቱ 4.71 ሜትር፣ ሁለቱ እግሮች 1 ሜትር፣ በየጎኑ አፈር ውስጥ የሚቀበረው 60 ሴንቲ ሜትር፤ ተደምሮ ወደ 7 ሜትር የሚሰፋ ላስቲክ ይፈልጋል። በርዝመት 11 ሜትር ወሰድን፤ 6ቱ ለጣራው፣ የቀረው ሁለቱን ጫፎች ለመሸፈንና በበሩ መቃን ላይ ለመጠቅለል። አምስት ቅስት፣ በአንዱና በሌላው መካከል 1.5 ሜትር።

ለቅስቱ ሁለታችንም ልባችን ያዘነበለው ወደ ፒቪሲ፣ ማለትም ወደ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ነበር፤ ቀላልና እንደልብ የሚታጠፍ ነው። ኋላ ግን ፒቪሲ የግሪንሃውስ ላስቲክ ከሚሠራበት ከፖሊኢትሊን ጋር ተነካክቶ ሲኖር ከውስጡ የሚወጣው ክሎሪን የላስቲኩን ዕድሜ እንደሚያሳጥር ስንረዳ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ) የብረት ቱቦ ዞርን። ላስቲኩም 200 ማይክሮን፣ ማለትም 0.2 ሚሊ ሜትር የሚወፍርና ላስቲክን የሚያስረጀውን የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚቋቋም ነው። እንዲህ ያለው አራት አምስት ዓመት ያገለግላል። ተራውን የግንባታ ላስቲክ ከዚህ ቀደም ችግኝ አልብሼበት አይቻለሁ። በወራት ውስጥ ደርቆ በጣት ሲነካ ይፈረካከስ ነበር፤ ብጥስጣሹን ከአፈር ውስጥ ስለቅም የባከነው ጊዜ አሁንም ያንገበግበኛል።

በላስቲክ የተሸፈነ ግሪንሃውስ እንዴት እንደተጀመረ ያነበብኩትም በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤመሪ ኤመርት ለምርምራቸው ግሪንሃውስ ፈልገው የመስታወቱ ዋጋ ከአቅም በላይ ሲሆንባቸው፣ የእንጨት ማገር ላይ ስስ ግልጽ ሽፋን ወጠሩ። እኚህን ሰው ሳላውቃቸው ወደድኳቸው። ዛሬ በየአገሩ አትክልት የሚያበቅሉት የላስቲክ ቤቶች ሁሉ ከዚያ እጥረት የተወለዱ ናቸው።

ግንባታው ሲጀመር ሳናስበው ብዙ ጊዜ የወሰደብን አራት ካስማና አንድ ሲባጎ ነው። አራቱን ጥግ ተክለን ጎኖቹን ለካን፤ 3 እና 6፣ ልክ ናቸው። ከጥግ ወደ ጥግ ስንለካ ግን አንዱ 6.60፣ ሌላው 6.82 ሜትር ሆነ። ማዕዘኖቹ ልክ 90 ዲግሪ ቢሆኑ ኖሮ ሁለቱም 6.71 መሆን ነበረባቸው። ወንድሜ ደክሞት ነበር። «እታለም፣ ይቺን ታህል መዛባት ማን ያያታል?» አለኝ። ላስቲኩ ያያታል። ቤቱ ከተንጋደደ ላስቲኩ በአንዱ ጥግ ተወጥሮ በሌላው ይጨማደዳል፣ የተጨማደደው ቦታ ደግሞ ውሃ ይቋጥራል፣ በነፋስም ይርገበገባል። ካስማዎቹን ነቅለን እንደገና ጀመርን። አሁን በፓይታጎረስ መንገድ ሄድን፤ ከጥጉ ተነስቶ በስፋቱ በኩል 3 ሜትር፣ በርዝመቱ በኩል 4 ሜትር፣ በሁለቱ ነጥቦች መካከል 5 ሜትር ሲመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ይላል። እሱ የሜትሩን ጫፍ ካስማው አናት ላይ ይይዛል፣ እኔ ወዲያ ማዶ ተንበርክኬ ቁጥሩን አነባለሁ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አንዱ 6.71፣ ሌላው ከእሱ በግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ሆነ። ሲባጎው ላይ ጣቴን ሳሳርፍ እንደ ክራር ክር ነዘረኝ። ሁለታችንም እዚያው ሣሩ ላይ ተዘረጋን።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጥኖ ሄደ። ቅስቶቹ የሚሰኩባቸውን ወፍራም ቱቦዎች 60 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ቀበርናቸው፤ አፋቸው በመዶሻ እንዳይጣመም እንጨት እያስደገፍን ነው የመታነው። ቅስቶቹን ተከልን፣ ከላይ በአንድ ረጅም ማገር አያያዝናቸው፣ በአራቱም ጥግ ሰያፍ ድጋፍ ሰጠናቸው። በየቅስቱ ጀርባ ስፖንጅ ያለው ፕላስተር ለጠፍን። ብረት ፀሐይ ላይ ሲውል ይግላል፣ የጋለ ብረት የሚነካው ላስቲክም ቀድሞ የሚያረጀው እዚያው ላይ ነው።

ቤቱ ላስቲኩን የለበሰበት ቀን ግን ያጠፋሁት ጥፋት አለ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነፋስ የሌለበት ቀን እንድንጠብቅ አውቅ ነበር፤ ሙቀትንም መጠበቅ እንዳለብን አንብቤ ነበር። የተረጋጋ ግን ደመናማና ቀዝቃዛ ጠዋት ሲገጥመን ትዕግሥቴ አለቀ። በግራና በቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሯል፣ ሰው ተሰብስቧል፣ እንግዲህ ምን እንጠብቃለን አልኩ። ወጠርነው፣ በአፈር ቀበርነው፣ ረገጥነው፤ ሲያዩት ያምር ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች፣ ላስቲኩም ሞቀው ተለጠጠ። ቀትር ላይ ቀለል ያለ ነፋስ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ቧ ቧ ማለት ጀመረ። የሚርገበገብ ላስቲክ በየቅስቱ ላይ እየተፋተገ ራሱን ይበላል። ቦዩን በአንድ ወገን ሙሉ በሙሉ መልሰን ቆፈርን። ሦስት ቀን ጠብቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ላስቲኩ ለስልሶ እጅ ላይ ሲተኛ እንደገና ወጠርነው። ማታ ሲቀዘቅዝ ራሱ ተሰብስቦ እንደ ከበሮ ቆዳ ቀጥ አለ። በመዳፌ መታ አደረግሁት፤ ድምፁን አልረሳውም።

ስለ ሙቀት የነበረኝ ሐሳብም የተቃናው ከገባሁበት በኋላ ነው። የላስቲክ ቤት የፀሐይን ጨረር አስገብቶ መውጫ የሚያሳጣው ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ሮበርት ዉድ የተባለ ፊዚክስ አዋቂ ሁለት ሣጥን፣ አንዱን በመስታወት፣ ሌላውን የሙቀት ጨረር በሚያሳልፍ ግልጽ የጨው ድንጋይ ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጣቸው ሙቀታቸው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘው። ዋናው ነገር የሞቀው አየር ተነስቶ እንዳይሄድ መያዙ ነው። በራሴ ቤት ይህንን በሁለት በኩል አየሁት። በሮቹ ተዘግተው ገና ረፋድ ላይ የሙቀት መለኪያው 41 ዲግሪ ደረሰ፤ ሁለቱም በሮች ሲከፈቱ በጥቂት ደቂቃ 29 ላይ ወረደ። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ደግሞ ውጭው 4 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 5 ብቻ ነበር። ስሱ ላስቲክ የመሬቱን ሙቀት ወደ ሰማይ ያሳልፋል፤ ብርድ ሲበረታ ችግኞቹን በስስ ጨርቅ ደርቤ ማልበስ አለብኝ።

ስለዚህ አሁን ከምንም በላይ የምጨነቀው ለበሮቹ ነው። መክፈቻው ከወለሉ ስፋት አንድ አምስተኛ ገደማ ቢሆን ይመከራል፤ የእኛ ወለል 18 ካሬ ሜትር ነውና 3.6 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ሁለቱ በሮች፣ እያንዳንዳቸው 90 ሴንቲ ሜትር በ1.9 ሜትር፣ 3.4 ይሰጣሉ፤ ተቀራረበ። አንድ በር ብቻ ብናደርግለት ኖሮ ወበቁ ይታፈን፣ ቅጠሉ ላይ ግራጫ ሻጋታ ያርፍ ነበር። ቲማቲምም ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲቆይበት አበባውን ይጥላል። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እየገባ አበባ ያለበትን ዘለላ በጣቱ ቀስ አድርጎ ይነዝረዋል፤ ቲማቲም ራሱን በራሱ ነው የሚያዳቅለው፣ በዝግ ቤት ውስጥ ግን የሚያወዛውዘው ነፋስ የለም። ብናኙ ፀሐይ ላይ እንደ ዱቄት ብን ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ዝናብ ውስጡን ስለማይነካው ውሃው ሁሉ ከእጃችን ነው የሚመጣው፤ ጠብታ መስኖ ዘርግተናል። ዝናብ የማያጥበው አፈር ውስጥ የማዳበሪያ ጨው እንዳይጠራቀም በየጊዜው በደንብ ማርከፍከፍ እንዳለብኝ ደብተሬ ዳር ላይ ጽፌአለሁ።

አሁን ምሽት ነው፣ ነፋስ ተነስቷል። ባትሪዬን ይዤ ወጥቼ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን በር ዘጋሁ፤ መዳፌን ላስቲኩ ላይ ሳሳርፍ በቀስታ ይንዘፈዘፋል እንጂ አይርገበገብም። ከሁለተኛው በር ማጠፊያዎች አንዱ ላልቷል። ነገ ቤቱ ሳይሞቅ በፊት፣ በማለዳ ብሎኑን እንቀይረዋለን።