ጎማው ሊወልቅ ይችላል የሚል ደብዳቤ

እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ብዙዎቻችንን የሚያኖረን መኪና ነው። ታክሲ የሚነዳ አለ። በስልክ እየተጠራ ሰው የሚያመላልስ አለ። ምግብ የሚያደርስ አለ። ቀን አሌክሳንድሪያ ሠርቶ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለተኛ ሥራ የሚገባም አለ። የቤት ኪራዩ፣ የልጆች ወጪ፣ አገር ቤት ለእናት የሚላከው ሁሉ የሚወጣው ከዚያች መኪና ነው። ስለዚህ "የጎማ ብሎኖቹ ሊላሉ፣ ጎማው እየሄደ ሊወልቅ ስለሚችል ጥገና እስኪደረግለት አይንዱ" የሚል ደብዳቤ ሲደርሰኝ ድንጋጤዬ እጥፍ ነበር። ለነፍሴም ፈራሁ፣ ለእንጀራዬም ፈራሁ።

በዚህ አገር ወደ ቤት የሚመጣው የወረቀት ብዛት ይታወቃል። የመኪና ዋስትና እንሽጥልህ የሚሉ አጭበርባሪዎች ፖስታቸው ላይ "አስቸኳይ" ብለው ነው የሚጽፉት። ብዙ ሰው ሳይከፍት የሚጥለው ለዚህ ነው፤ አልፈርድበትም። እውነተኛው የሪኮል ደብዳቤ፣ ማለትም ፋብሪካው ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና የሚጠራበት ደብዳቤ ግን ፖስታው ላይ የደህንነት ጉዳይ መሆኑ በጉልህ ይጻፍበታል፣ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ምልክትም ይታተምበታል። እሱን አትጣሉ።

የእኔው ውስጥ ከማስጠንቀቂያው ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር ነበረ። መለዋወጫው ገና አልተዘጋጀም፣ ሲደርስ ሁለተኛ ደብዳቤ እንልካለን ይላል። ሕጉ አምራቹ ጉድለቱን ለመንግሥት ካሳወቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ለባለቤቶች እንዲጽፍ ያስገድደዋል። መጠገኛው ቢኖርም ባይኖርም መጻፍ አለበት። ይህን እደግፋለሁ፤ አደጋውን ቶሎ ማወቅ መብታችን ነው። ግን ያንን ወረቀት ይዞ ለቆመ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ እስከዚያ በምን ልሥራ?

መኪናውን ወደገዛሁበት ድርጅት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት፤ በእጇ ላይ ግን ምንም የለም። ዕቃው መቼ እንደሚመጣ አልተነገራቸውም። ምትክ መኪና ስለመስጠትም የደረሳቸው መመሪያ የለም። "እስከዚያ ድረስ ቀስ እያልክ፣ ሩቅ ሳትሄድ..." ስትል ባለቤቴ አጠገቤ ሆና እየሰማች ነበር። "ልጆቹን ጭነህ? እንዳትሞክራት!" አለች። እኔም አልሞከርኩትም። ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው ፈጣን መንገድ፣ በሰዓት 65 ማይል እየሄድክ አንድ ጎማ ቢወልቅ፣ አንተ ብትተርፍ እንኳ ጎማው ተስፈንጥሮ ሌላውን ሰው ይገድላል።

ብዙ ወገኖቼ የማያውቁት ነገር ስላለ እዚህ ላይ ልናገር። የአሜሪካ ሕግ ፋብሪካው የሪኮል ጥገናን በነጻ እንዲሠራ ያስገድደዋል። መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 15 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይህ መብት ከመኪናው ጋር ይሄዳል። ሦስተኛ ባለቤት ብትሆንም፣ ከጓደኛህ ላይ ብትገዛውም ያው ነው። ምትክ መኪና እንዲሰጥህ ግን የፌዴራል ሕግ አያስገድደውም። ስለዚህ ያገኘ የሚያገኘው በጭቅጭቅ ነው። ቋንቋው የሚከብደው ሰው፣ አለቃ አገናኙኝ ማለት ነውር የሚመስለው ሰው፣ "ኦኬ፣ ታንክዩ" ብሎ ስልኩን ይዘጋል። እኛ ያደግንበት ይሉኝታ እዚህ አገር ብዙ ያስከፍላል።

ከድርጅቱ አልፌ የፋብሪካውን የደንበኞች መስመር ያዝኩ። የጉዳይ ቁጥር እንዲሰጡኝ ጠየቅሁ። ያነጋገረኝን ሰው ስምና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ "ጎማው ሊወልቅ ይችላል ያላችሁት እናንተ ናችሁ። አትንዳ ያላችሁትም በጽሑፍ ነው። ታዲያ ቤተሰቤን በምን ላንቀሳቅስ?" ከብዙ መመላለስ በኋላ ምትክ መኪና ፈቀዱልኝ። ውሉን ሳነብ ግን በክፍያ ሰው መጫን ክልክል ነው የሚል አንቀጽ ተቀምጧል። ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርስበታለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን እሄድበታለሁ፣ ልሠራበት ግን አልችልም። እግዚአብሔር ይስጠው፣ መኪና ማቆሚያ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ የአገሬ ልጅ የማታ ሽፍት አስገባኝ። የዚያን ወር ኪራይ የከፈልነው በእሱና በባለቤቴ ተጨማሪ ሰዓት ነው።

እንደ እኔ ባለ ሁኔታ ውስጥ ከዚያ አንቀጽ ጋር የተፋጠጠ ሹፌር ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ መኖሩን ግን በደንብ አውቃለሁ። አትንዳ የሚል ማስጠንቀቂያ የሚጽፍ ፋብሪካ፣ ሰውየው በመኪናው ምን እንደሚሠራበትም ሊያስብ ይገባዋል። ሥራ የማያሠራ ምትክ ለሹፌር ግማሽ መፍትሔ ነው። ሰውን በእንጀራው ካስጨነቅኸው፣ ያችን የላላች ጎማ ይዞ ሌሊት መንገድ ይወጣል።

ሌላም ያየሁት አለ። ፎቅ ላይ የሚኖር ጋሼ የምለው ሰው ተመሳሳይ ሞዴል ይነዳል። ከአሮጌ መኪና ነጋዴ የገዛው ነው። ደብዳቤውን ሳሳየው "ለእኔ ምንም አልመጣም፤ የእኔ ደህና ነው ማለት ነው" አለ። ፓርኪንግ ወርደን የሻንሲ ቁጥሩን ፈለግን። በሹፌሩ በኩል፣ በመስታወቱ የታችኛው ጥግ ላይ፣ አቧራ የሸፈናት ትንሽ ሰሌዳ አለች። 17 ፊደልና ቁጥር ናቸው። ጋሼ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ሲጠራልኝ እኔ ስልኬ ላይ አስገባሁት። የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። ወዲያው ቀይ ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ ሪኮል አለበት፣ አልተጠገነም። የመጣው ደብዳቤ ምናልባት የቀድሞው ባለቤት ቤት ቀርቷል፣ ወይም ጋሼ ከቀየረው ከድሮው አድራሻ አልተከተለውም።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብሎ "ኢንስፔክሽን እኮ በቅርቡ አልፏል" አለ። የምንኖርባት ቨርጂኒያ በየዓመቱ መኪና ታስመረምራለች፤ ያ ምርመራ ግን ሪኮል መኖር አለመኖሩን አያይም። ነጋዴውም ሲሸጥለት አልነገረውም። የሚገርመው መኪና አከራዮች ከ2016 ጀምሮ፣ ከ35 በላይ መኪና ካላቸው፣ ሪኮሉ ያልተጠገነ መኪና ማከራየት በፌዴራል ሕግ ተከልክለዋል። አሮጌ መኪና ሻጭ ላይ ግን እንዲህ ያለ የፌዴራል ክልከላ የለም። ለሦስት ቀን የምትከራየው መኪና በሕግ ሲጠበቅ፣ ለአምስት ዓመት በዕዳ የምትገዛው አይጠበቅም። ለእኔ ይህ ፍትሕ አይደለም። ጨረታ ገብተን አሮጌ መኪና የምንገዛው በብዛት እኛ ስደተኞች ነን።

"ጎሚስታው ጋ ሄጄ ላስጠብቀው" አለኝ ጋሼ። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያው ነው። ግን ችግሩ ብሎኑ ራሱ ወይም ብሎኑ የሚያርፍበት የቸርኬው ፊት ከሆነ፣ ዛሬ ብታጠብቀው ነገ ተመልሶ ይላላል። በአየር መፍቻ አለቅጥ ሲያጠብቁት ደግሞ ብሎኑ ይለጠጥና ጉልበት ያጣል።

በዓለም ላይ ከታወቁት እንዲህ ያሉ ሪኮሎች አንዱ የቶዮታ ቢዚፎርኤክስ ነው። ቶዮታ በብዛት ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ መኪናው ነበር። ሽያጭ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ በጁን 2022፣ ወደ 2,700 የሚጠጉ መኪኖችን ጠራ። ከእሱ ጋር አብሮ የተሠራው ሱባሩ ሶልቴራም ተጠራ። የጃፓን የትራንስፖርት ሚኒስቴር በኃይል መታጠፍና ድንገተኛ ፍሬን ብሎኖቹን ሊያላላ እንደሚችል ተናገረ። ባለቤቶቹ አትንዱ ተባሉ። ምትክ መኪና ተሰጣቸው። በኦገስት አሜሪካ ላሉት ቶዮታ መኪናችሁን መልሼ ልግዛችሁ አለ፤ መጠበቅ ለሚፈልጉት ደግሞ ሌላ ማካካሻ አቀረበ። በኦክቶበር የተሻሻሉ ብሎኖችን ያካተተ መፍትሔ አገኘና ማምረቱን ቀጠለ።

ይህን የማነሳው ቶዮታን ለመውቀስ አይደለም። እንዲያውም ከዚያ የምወስደው ሲፈልጉ እንደሚቻል ነው። አትንዳ ካልክ ምትክ ስጥ፤ ካልቻልክ መልሰህ ግዛ። ልዩነቱ መኪኖቹ ጥቂት ነበሩ፣ አዲስና ውድ ነበሩ፣ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ዓይኑን ጥሎባቸው ነበር። አሮጌ መኪና የሚነዳ ሹፌርም ያው ነፍስ ነው ያለው።

የእኔ ዕቃ በመጨረሻ መጣ። ሥራው ራሱ ብዙ አልፈጀም። የኤል ሳልቫዶር ሰው የሆነ ቴክኒሻን መኪናዋን ሊፍት ላይ ሰቅሎ አራቱንም ጎማ አወለቀ። ቆሜ ማየት እችላለሁ ወይ ስለው ጠጋ በል አለኝ። ከድሮዎቹ ብሎኖች አንዱን መብራት ሥር ይዞ አሳየኝ። ቸርኬው ላይ የሚያርፈው ፊቱ በአንድ ጎን ብቻ ተፍቆ ያበራል፣ በሌላው ጎን ቀለሙ እንዳለ ነው። በእኩል አልተጫነም ማለት ነው። አዲሶቹን ሲያስር ጎን ለጎን አልሄደም። አንዱን አስሮ ተቃራኒውን፣ ከዚያ ሌላውን ተቃራኒ፣ እንደ ኮከብ። መጨረሻ ላይ ልኩ በሚስተካከል መፍቻ እያንዳንዱን ቋ እስኪል ድረስ አጠበቀ። ከ50 እስከ 100 ማይል ከነዳህ በኋላ ተመለስ፣ ድጋሚ እናየዋለን አለኝ። ይህ ለሪኮል ብቻ አይደለም፤ ጎማ ባስቀየራችሁ ቁጥር የሚመከር ነው።

እሱ የነገረኝን ምልክቶችም ልጻፋቸው። ከጎማ በኩል ቋ ቋ የሚል፣ ፍጥነት ስትጨምር አብሮ የሚፈጥን ድምፅ ካለ፣ መሪው ከዚህ በፊት ባልነበረ ሁኔታ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ከብሎኑ ወይም ከዳዶው ዙሪያ የዝገት ውሃ የፈሰሰ መስሎ ከታየ፣ ዳር ይዞ ማቆም ነው። እስከ ቤት ልድረስ ማለት የለም። ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ለፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ያመልክት። ቅሬታ ሲበዛ ምርመራ ይከፈታል፤ ብዙ ሪኮል የተወለደው ከተራ ሰው አቤቱታ ነው። ስልካቸው 1-888-327-4236 ነው።

ጋሼም አስጠገነ። አብሬው ሄጄ ነበር፤ ምንም አላስከፈሉትም።

አሁን የሚያሳስበኝ አዲስ አበባ ነው። ታናሽ ወንድሜ የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው። በ2024 መጀመሪያ ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የከተማው ገበያ ወደዚያው ዞሯል። ወንድሜ ያየው ቢዚፎርኤክስ ነው፤ በቻይና የተሠራ፣ በግለሰብ አስመጪ የገባ። ሲነግረኝ አልከለከልኩትም። የ2022ቱ ችግር መፍትሔ ካገኘ ቆይቷል፤ መኪናውም ተወዳጅ ነው። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ነገ አዲስ ጉድለት ቢገኝ ማን ይጽፍለታል? ደብዳቤ የሚላከው ፋብሪካው መዝገብ ላይ ላለ ባለቤት ነው። ቻይና የተሸጠ መኪና በጅቡቲ ዞሮ ቦሌ ሲደርስ መዝገቡ አይከተለውም። የአሜሪካው ድረ ገጽም ለአሜሪካ ገበያ ያልተሠራ መኪና አያውቅም።

ስለዚህ የነገርኩት ይህንን ነው። ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የተመረተበትን ወርና ዓመት በፎቶ አስልክ። ከኦክቶበር 2022 በፊት የተሠራ ከሆነ ብሎኖቹ ስለመቀየራቸው ወረቀት ጠይቅ። ቁጥሩን ይዘህ የቶዮታ ወኪሉ ጋ ሂድና ሊያዩልህ ይችሉ እንደሆነ ጠይቃቸው። መኪናውን ስትረከብ ጎማዎቹን በልክ መፍቻ የሚያስር ጋራዥ ውሰደው፤ በጉልበት የሚያስረውን ተወው።

ወንድሜ ሻጩን ጠየቀው። "መጀመሪያ ቀብድ ክፈል፣ ከዚያ ሁሉንም እናሳይሃለን" አለው። ወንድሜም አመስግኖ ወጣ፤ አሁን ሌላ አስመጪ ጋ ቁጥሩን ሳይጠየቅ የላከለት መኪና እያየ ነው።