ጎማው እታች አድሮ ነበር

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ትልልቅ የጦር መርከቦች በሚገነቡበት ግቢ በያጅ ሆኜ ስሠራ፣ አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ እሳት ጠባቂ ሆኖ ተመደበልኝ። እኔ ስበይድ ማጥፊያውን ይዞ አጠገቤ ይቆማል፤ ሥራው ካበቃ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ ብልጭታ የወደቀበትን ቦታ ሁሉ ይከታተላል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ መርከቧ የታችኛው ክፍል ልንወርድ ነበር። መግቢያው አንድ ሰው ብቻ የሚያሾልክ ክብ ቀዳዳ ነው። አየር የሚለካው ባለሙያ የመሣሪያውን ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ሲለቅ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ኦክስጅኑ 24 በመቶ ሆኗል። የምንተነፍሰው አየር የሚይዘው 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ22 ካለፈ መግባት ክልክል ነው።

«ጋሼ፣ ኦክስጅን ቢበዛ ምን ክፋት አለው? ሰው የሚታፈነው ሲያንስ አይደለም?» አለኝ ልጁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ኦክስጅን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሲበዛ ሰውየው ምንም አይታወቀውም። ነገር ግን በሌላ ቀን በእጅ መታ አድርገን የምናጠፋት ብልጭታ በእንዲህ ዓይነቱ አየር ውስጥ ቱታን በቅጽበት ታንቦገቡጋለች።

አንጋፋው ፎርማናችን ኦክስጅን ወደ ታች የሚወስደውን ጎማ ከምንጩ ነቅሎ ስቦ አወጣው። የዓርብ ማታው ፈረቃ በኦክስጅን የሚሠራውን የብረት መቁረጫ ከነጎማው እታች ትቶ ሄዷል፤ ቫልቩም በደንብ አልተጠበቀም።

ሥራው እንዳይዘገይ የሚቆጣጠረው ኃላፊ መጥቶ «ማናፈሻውን ትንሽ አስነሡና ግቡ» አለ። ፎርማኑ ያን ጊዜ ስለ ግላስጎው ነገረን። ግላስጎው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች። በ1976 እ.ኤ.አ. መስከረም ወር፣ በታይን ወንዝ ዳር ገና በመገንባት ላይ ሳለች፣ ከጎማ ያፈሰሰ ኦክስጅን ሌሊቱን በታችኛው ክፍል ተጠራቅሞ አደረ። ጠዋት አንድ በያጅ ሥራውን ሲጀምር እሳት ተነሣ፤ 8 ሠራተኞች ሞቱ።

ያንን ክብ ቀዳዳ ዞር ብዬ አየሁት። እሳት ከኋላው እየመጣበት ስንት ሰው ሊያልፍበት ይችላል? ስለ መዘግየት የሚያወራው ኃላፊ እኮ መሰላሉን የሚወርደው እሱ አይደለም! ይህን ፊት ለፊት ነገርኩት፤ ዛሬም ቢሆን እደግመዋለሁ።

ማናፈሻው ሠርቶ፣ አየሩ እንደገና ተለክቶ ብየዳ የጀመርነው ከምሳ በኋላ ነው። ፎርማኑ የዘገየንበትን ምክንያት በራሱ እጅ ጻፈ፤ ለማታው ፈረቃም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተነበበለት።