ጳጉሜን የበላው ስክሪፕት

ነገሩን የጀመሩት አንድ ቄስ ናቸው። ጣርማበር አካባቢ ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ ዝናብ መለኪያ ተተክሎላቸዋል፤ በየጧቱ 3 ሰዓት እየለኩ በደብተር ይጽፋሉ። ከ2011 እስከ 2015 ያለውን የአምስት ዓመት መዝገብ በሠንጠረዥ አትሜ ወሰድኩላቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው መስመር በመስመር ሄዱበት። ከነሐሴ 30 ቀጥሎ መስከረም 1 ተጽፏል። ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ ጳጉሜን የት አደረሳችሁት?" አሉኝ።

እኔም አላውቅም ነበር።

ደብረ ብርሃን ተመልሼ ደብተሩን ወደ ሠንጠረዥ የሚቀይረውን ስክሪፕት፣ ማለትም ትንሽ ፕሮግራም፣ ከፈትኩት። አር (R) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት ነው፤ ከጻፍኩት ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሚሠራው ቀላል ነገር ነው። የደብተሩን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ያነብና ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ከምናምን ይጨምርበታል። ያኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አር ግን 13ኛ ወር የሚባል ነገር አያውቅም። የቀኑን አጻጻፍ ነግረነው ያልገባው ቀን ሲመጣበት አይጮህም፤ ዝም ብሎ ባዶ ያደርገዋል። ኤንኤ ይለዋል። ወር 2 ማለት ለእኔ ጥቅምት ነው፣ ለእሱ ፌብሩዋሪ። ስለዚህ ጥቅምት 30ም ጠፍቷል። ጥቅምት 29ም ከ2012 በቀር በሁሉም ዓመት ጠፍቷል፤ 2012 የተረፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ቢሆን ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት ስለሆነ ነው። ቆጠርኩት። ጳጉሜ 27 ቀን፣ ጥቅምት 9 ቀን፣ በድምሩ 36 ቀን። የቀሩትም ቢሆኑ አንዳንዶቹ በቀናት ተዛብተዋል።

ለምን ሳላየው ቀረሁ? ድምሩ ላይ "ኤንኤ ካለ ዝለለው" ብዬ የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ማስተካከሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። ግን ያችን የቀን መቀየሪያ አራት ስክሪፕት ላይ ገልብጫታለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬም ወስዶ የራሱን ነገር ጨምሮባታል። የትኛው ውጤት ከየትኛው ቅጂ እንደወጣ የሚያውቅ የለም። ያን ዕለት ነው ፓኬጅ፣ ማለትም ሁላችንም ከአንድ ቦታ የምንጭነው የኮድ ጥቅል፣ መሥራት አለብኝ ያልኩት።

ፓኬጅ ማለት ክራን (የአር ፓኬጆች የሚለቀቁበት ድረ ገጽ) ላይ የሚወጣ የትላልቅ ሰዎች ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለካ ፎልደር ነው። ስሙንና የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች የሚዘረዝር ዲስክሪፕሽን የሚባል ፋይል አለው። ፋንክሽኖች (አንድ አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ቁራጮች) የሚቀመጡበት ፎልደር አለው፣ ቴስት (ፋንክሽኑ ትክክል መመለሱን የሚፈትሽ ኮድ) የሚቀመጥበት ፎልደር አለው። ዩዝዲስ የሚባል ፓኬጅ በአጫጭር ትእዛዞች ይዘረጋልሃል። ከዚያ ዴቭቱልስ በሚባል ሌላ ፓኬጅ እየጫንክ እየሞከርክ መሄድ ነው። መጀመሪያ ቀን ላይ የሚያስፈራው ስሙ ብቻ ነው።

ፋንክሽኑን ስጽፍ የገረመኝ የእኛ አቆጣጠር ለኮምፒውተር ምን ያህል እንደሚመች ነው። ዓመቱን በ365 ማባዛት። ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ትራፊውን ጥሎ ድርሻውን መደመር። ያለፉትን ወራት በ30 አባዝቶ መጨመር፣ በመጨረሻ ቀኑን። አለቀ። እንደ ፈረንጁ "ይሄ ወር 31፣ ያኛው 28" የሚል ሰንጠረዥ አያስፈልግም። አር ቀንን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው። ያ ቀን በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነው። እሱን ዜሮ አድርጎ ማስታረቅ ብቻ ይቀራል።

ቴስቱ ላይ ግን ተሞኘሁ። ቴስትዛት የሚባለውን ፓኬጅ ተምሬ አሥራ ሁለት ቴስት ጻፍኩ፤ ሁሉም አለፉ። እንዴት እንደጻፍኳቸው ልንገራችሁ። ፋንክሽኑን አስኬድኩት፣ ያወጣውን መልስ ገለበጥኩ፣ "መልሱ ይሄ መሆን አለበት" ብዬ ቴስቱ ውስጥ ለጠፍኩ። ተማሪው የራሱን ፈተና እንዲያርም እንደማድረግ ነው። እንዴት ብሎ ይወድቃል?

ከዚያ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን የታተመበት ነው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ቄሱም ጋ ደወልኩና የሚያውቁት አስቸጋሪ ቀን ካለ ጠየቅኳቸው። አላሰቡም። "በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ይውላል" አሉ። ሁለት ቴስት ከዚህች ዓረፍተ ነገር ወጡ። ታኅሣሥ 29 ቀን 2015 ጃንዋሪ 7 ቀን 2023 መሆን አለበት። ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024።

የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው ቀይ ሆነ፤ ወደቀ።

ስህተቱ የእኔ ነበር። ለ4 ያካፈልኩት ዓመቱን ራሱን ሳይሆን አንድ ቀንሼለት ነው። በዚህም እንደ ፈረንጁ ለ4 እኩል ለሚካፈለው ዓመት ነበር ስድስተኛዋን ጳጉሜ የሰጠሁት። በእኛ ግን ስድስተኛዋ የምትመጣው ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፈው ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። ዘመነ ሉቃስ። 2011 እና 2015 እንደዚያ ናቸው። ሌላውን ዓመት ሁሉ በትክክል እየቀየረ፣ በየአራት ዓመቱ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ቀን ይስታል። አሥራ ሁለቱ ቴስቶቼ ይህን ስህተት ትክክል ነው ብለው ፈርመውለት ነበር! ሰረዝኳቸው። አሁን ከውጭ ያልመጣ መልስ ቴስት ውስጥ አላስገባም። ጳጉሜ 6 ቀን 2014 ሲሰጠውም በባዶ ከማለፍ ይልቅ ጮሆ እንዲቆም የሚያስገድድ ቴስት ጨመርኩ። ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

የወር ስሞች ሌላ ጉድ ናቸው። አንዱ ደብተር ታኅሣሥ ይላል፣ አንዱ ታህሳስ፣ ሌላው ታሕሣሥ። ለእኛ አንድ ነው፤ ለአር ሦስት ወር ነው። ኅን፣ ሕን እና ሐን ወደ ሀ ቤት፣ ሠን ወደ ሰ ቤት የምትመልስ ትንሽ ፋንክሽን ጻፍኩ። ጳጉሜም ጳጉሜንም ይቀበላል። ከዚያ ቼክ የሚባለውን፣ ፓኬጁን በሙሉ የሚፈትሽ የአር ምርመራ ሳስኬድ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ የፓኬጅ ኮድ ውስጥ የግዕዝ ፊደል በቀጥታ መጻፍ አይወድም። እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ መተካት ነበረብኝ። መስከረም አሁን ኮዱ ውስጥ እንደ ስልክ ቁጥር ነው የሚመስለው። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ፣ የዚያ ሌሊት ብርድ ጣቴን አድርቆት፣ ፊደል ስቆጥር ነው ያደርኩት።

ባልደረባዬ ላፕቶፕ ላይ ስንጭነው ደግሞ ሁለት ነገር ፈነዳ። አንደኛው የእኔ ነው። አንዱ ቴስት ፋይል የሚያነበው ከእኔ ዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ የእሱ ኮምፒውተር የእኔን ስም ከየት ያምጣ? ሁለተኛው የእሱ ነው። አሮጌ አር ዊንዶውስ ላይ ይዞ የወር ስሙ ሁሉ በቅንፍ ውስጥ ያለ የቁጥር ኮድ ሆኖ ወጣ። አር 4.2 በ2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዊንዶውስ ላይ ዩቲኤፍ-8ን (የግዕዝን ጨምሮ የሁሉንም ፊደል የሚይዝ አጻጻፍ) መጠቀም ስለጀመረ አዲሱን ሲጭን ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ የፓኬጆቹን ቨርዥን ሬንቭ በሚባል ፓኬጅ መዝግበን እንይዛለን። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አስቀድሞ መጫን ነው። መሐል ሜዳ ደርሰህ ልጫን ብትል ጊዜህን ነው የምትጨርሰው።

ሠንጠረዡን እንደገና አትሜ ወሰድኩላቸው። ቄሱ በቀጥታ ጳጉሜ ላይ ሄዱ፣ አንድ በአንድ አዩት። "እንዲህ ነው እንጂ" አሉና ደብተራቸውን ዘርግተው ሌላ ነገር አሳዩኝ። ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈ ማስታወሻ አለ፦ "ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በረዶ።" በየገጹ እንዲህ ያለ አለ። በፈረንጅ ሰዓት ያ ረቡዕ ነው፣ 2 ሰዓት። ሰዓቱ ሳይጻፍ "የማክሰኞ ሌሊት" ብቻ የተባለውስ? የሰዓት መቀየሪያዋን ጽፌያለሁ። ቴስቷ ግን እስካሁን ቀይ ናት።