ቦታ ያጣው ብልቃጥ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ስሜቴም ከሰማዩ ጋር ዳምኖ ስለዋለ፣ እጄን ሥራ ለማስያዝ ያህል የማድ ቤቱን መደርደሪያ ላስተካክል ተነሣሁ። እቴቴ በየጊዜው የላከቻቸውን የቅመም ብልቃጦች በሙሉ አውርጄ ወለሉ ላይ ካሰለፍኳቸው በኋላ፣ በምን ሥርዓት እንደምመልሳቸው ግራ ገባኝ። በመጠናቸው ልደርድራቸው ብል በርበሬው ከማይመስለው ጋር ይጎራበታል፤ በሥራቸው ልደርድራቸው ብል ደግሞ ኮረሪማው ለወጡም ለቅቤውም ስለሚፈለግ ወገኑ ከየትኛው እንደሆነ አይለይም። በክብደት ይሁን ወይስ በዝምድና? ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ነው ልቤ ብልቃጦቹን ጥሎ፣ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ወደተወለደባት ወደ ሩሲያዋ ፒተርስበርግ የገባው።

ንጥረ ነገሮችን ለመደርደር የሞከሩ ሰዎች የተቸገሩት በዚሁ ጥያቄ ነበርና። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባወጣው ዝርዝር 33 ነገሮችን ሲያስቀምጥ ብርሃንንና ሙቀትንም እንደ ንጥረ ነገር ቆጥሯቸዋል። ከ40 ዓመት በኋላ ዶበራይነር የተባለው ጀርመናዊ ክሎሪን፣ ብሮሚንና አዮዲንን የመሳሰሉ ሦስት ሦስት ዘመዳሞችን ለየ፤ የመካከለኛው ክብደት የሁለቱ ዳርቻዎች አማካይ ሆኖ መገኘቱንም አስተዋለ። ይሁን እንጂ ክብደቱ ራሱ ገና ስምምነት አልነበረበትም። የአንዱ ንጥረ ነገር የአቶም ክብደት በአንዱ ኬሚስት ዘንድ ሌላ፣ በሌላው ዘንድ ሌላ ስለነበረ፣ ነገሩ መስፈሪያው ሳይስማማ እንደቆመ የእህል ገበያ ነበር። ጣሊያናዊው ካኒዛሮ በ1860 በካርልስሩኸ በተደረገው ጉባኤ ላይ መስፈሪያውን ሲያስተካክል ሰምተው ከተመለሱት መካከል አንዱ የ26 ዓመቱ ሩሲያዊ ኬሚስት ዲሚትሪ ሜንዴሌቭ ነው።

ከእሱ በፊት ግን ኒውላንድስ የሚባል እንግሊዛዊ አለ፤ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል። ንጥረ ነገሮቹን በክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲያሰልፍ ስምንተኛው የመጀመሪያውን እየመሰለ እንደሚመለስ አየና፣ በ1866 ለለንደን ኬሚስቶች ማኅበር አቀረበ። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ በስማቸው የፊደል ተራ ደርድሯቸው እንደሆነ ጠየቀው፤ ለማላገጥ ነበር። ያ ሰው የእኛን የፊደል ገበታ አይቶ ቢሆን ኖሮ ቀልዱ ይከሽፍበት ነበር። በገበታችን ላይ ወደ ጎን ሲሄዱ ተነባቢው ጸንቶ አናባቢው ይለወጣል፤ ወደ ታች ሲወርዱ አናባቢው ጸንቶ ተነባቢው ይለወጣል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱ ካለቁ በኋላም ስምንተኛው ከመጀመሪያው በታች አዲስ ረድፍ ይከፍታል። ልጅ ሆነን በስንጥር እየተጠቆመልን ስናዜመው የነበረው ነገር ለንደን ላይ ተሳቀበት። እርግጥ ነው፣ ኒውላንድስም ጥፋት ነበረበት፤ ሰልፉ እንዳይዛነፍበት ብሎ ኮባልትንና ኒኬልን በአንድ ቦታ አጨናንቆ አስቀምጧቸዋል።

ሜንዴሌቭ ግን አላጨናነቀም። በሩሲያ የያኔው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1869 የአይብ ማምረቻዎችን ሊጎበኝ ቀጠሮ ነበረው፤ ስለዚሁ ጉዳይ በደረሰው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ቁጥሮች መሞነጫጨር ጀመረ። ሰንጠረዡን በሕልሙ አየው የሚባለውን ተረት አልወደውም፤ ሰውየው ለተማሪዎቹ መማሪያ መጽሐፍ እየጻፈ ቀጥሎ ስለየትኛው ወገን መጻፍ እንዳለበት የቸገረው ደራሲ ነበር። ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሁለት ቤተሰቦችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፦ ክሎሪን 35.5፣ ፖታሲየም 39፤ ብሮሚን 80፣ ሩቢዲየም 85፤ አዮዲን 127፣ ሲዚየም 133። በእያንዳንዱ ጥንድ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ነው። ክብደትና ዝምድና፣ አንዱ ወደ ጎን ሌላው ወደ ታች ከሄዱ፣ ሳይጣሉ በአንድ ገጽ ላይ ይኖራሉ ማለት ነው።

ያኔ የሚታወቁት 63 ብቻ ስለነበሩ ገጹ አልሞላም፤ እሱም ያልሞላውን ባዶ ተወው። እኔ የማደንቀው ይህን ነው፤ እንዲያውም ከመደርደሩ ይልቅ አለመሙላቱን። በ1875 አንድ ፈረንሳዊ ከባዶዎቹ ቦታዎች አንዱን የሚሞላውን ጋሊየምን አግኝቶ እፍጋቱ 4.7 ነው ብሎ ሲያሳውቅ፣ ብረቱን በዓይኑ ያላየው ሜንዴሌቭ ወደ 5.9 መሆን አለበትና ድገመው አለው። ሰውየው አጥርቶ ቢለካው 5.9 ሆነ። በቴሉሪየምና በአዮዲን ላይም እንዲሁ ድርቅ ብሏል፦ ቴሉሪየም ቢከብድም ዝምድናውን አይቶ አስቀደመውና፣ ጥፋቱ የሚዛኑ ነው ብሎ ተከራከረ። ሚዛኑ ግን ልክ ነበር። ቦታን የሚወስነው ክብደት ሳይሆን የአቶሙ ቁጥር (በእምብርቱ ያሉት ፕሮቶኖች ብዛት) መሆኑን በ1913 ያሳየው እንግሊዛዊው ሞዝሊ ነው፤ በእሱ ቆጠራ ቴሉሪየም 52፣ አዮዲን 53 ሆኑ። ሞዝሊ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በጋሊፖሊ ጦርነት በ27 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ ያልለቀቀኝ ግን የአርጎን ነገር ነው። ለማይታወቅ እንግዳ ወንበር አስቀርቶ የጠበቀው ያው ሜንዴሌቭ፣ በ1894 ወንበር ያልተቀመጠለት እንግዳ ሲመጣ ፊቱን አጠቆረ። አርጎን ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ይዞ ሁልጊዜም ቤት ውስጥ ነበር፤ ከማንም ጋር አይዋሐድምና ማንም ልብ አላለውም። በሰንጠረዡ ላይ ስፍራ ስላልነበረው፣ ምናልባት አንድ ላይ የተጣበቁ ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች ይሆናል አለ፤ ሦስቱ 42 ይመዝናሉ፣ አርጎን 40 ገደማ። ከአርጎን አግኚዎች አንዱ የሆነው ኬሚስት ራምሴ ዘመዶቹን እነ ኒዮንን፣ እነ ክሪፕቶንን አከታትሎ ካገኘና ለሁሉም አንድ አዲስ ዓምድ ከተከፈተላቸው በኋላ ነው ሜንዴሌቭ የተቀበላቸው። ለሚጠብቁት ቦታ ማስቀረትና ላልጠበቁት መጠጋት ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው ማለት ነው? ወይስ ሁለተኛው የሚከብደው የመጀመሪያው ለተሳካለት ሰው ነው?

ይህን ስጽፍ መሽቷል፤ ብልቃጦቹም ከወለሉ አልተነሡም። እራት ላበስል ስል በእነሱ ላይ ተረማምጄ አንዱን በእግሬ መታሁት፤ ስም ያልተጻፈበት፣ ግማሽ ድረስ ቡናማ ዱቄት የያዘው ነው። ከፍቼ አሸተትኩት፣ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ፤ ከዚያ ያለፈ እውቀት አላገኘሁም። ለእቴቴ ደውዬ ምንነቱን እንዳልጠይቃት፣ ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ብልቃጥ ጠይቄያት፣ ነግራኝ፣ አሁኑኑ እጽፍበታለሁ ብዬ ነበር።