የተወደደብኝ እግሩ አልነበረም
ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች የተቆረጠው በ2014 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ ስኳር ነው። ጫማ የላጣት ትንሽ ቁስል ነበረች። እግሬ ደንዝዞ ስለነበር አላመመችኝም። አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለሱቆች በማስረከብ ነው የምኖረው። አንድ ቀን ከቀረሁ ደንበኛ ይሄዳል ብዬ ሐኪም ቤቱን ዛሬ ነገ ስል ቁስሏ ገፋች።

ከሆስፒታል ስወጣ ቤቴ በጠያቂ ሞላ። ጎረቤት፣ የዕድር ሰው፣ ዘመድ። የገባው ሁሉ "ይመችሽ" እያለ ከእግሬ ሥር ትራስ ይደርባል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ጉልበቴ እንደታጠፈ አልዘረጋ አለ። ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ስታየኝ "እናቴ፣ ትራስ ያደርጋሉ እንዴ?" አለችኝ። ለካ ከተቆረጠ እግር ሥር ትራስ አይደረግም። ጉልበቱ ቀጥ ብሎ መዋል አለበት፣ በሆድ መተኛትም ያስፈልጋል። ጉልበቴን ለማቃናት ብቻ ወራት ፈጀብኝ። ያ ሁሉ ፍቅር ነበር፤ የነገረን ሰው አልነበረም እንጂ። አሁንም ይቆጨኛል።

ሰው ሰራሹ እግር ራሱ በድጋፍ ደብዳቤ ስለተሠራልኝ ብዙ አላወጣሁም። የጎዳኝ መንገዱ ነው። ክራንች ይዤ ሚኒባስ መጋፋት ስለማልችል ኮንትራት ታክሲ እይዛለሁ። ለልኬት፣ ለሙከራ፣ ለእርምጃ ልምምድ። ከተቆረጠው እግሬ የተረፈው ክፍል በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከሳ ስለሚሄድ የተሠራልኝ እግር ይሰፋኛል። ካልሲ ደርቤ ደርቤ ሲያቅተኝ ደግሞ ለማስተካከያ። አብራኝ የምትሄደው ልጄም የቀን ሥራዋን ትቀራለች። ሁለት ቀጠሮ ዘለልኩ። ለታክሲ አጥቼ ነው ማለት አፈርኩ፤ ቸልተኛ መሰልኳቸው። በኋላ እውነቱን ስናገር ባለሙያው ቀጠሮዎቼን በአንድ ቀን አደረገልኝ። እባካችሁ፣ አትፈሩ፣ ተናገሩ። ጠያቂ የሆናችሁ ደግሞ ብርቱካኑ ይቅር፣ የአንድ ቀጠሮ ታክሲ ቻሉ።

ሌላው የሽንት ቤት ነገር ነው። የግቢያችን ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ብዙ ላለመሄድ ውሃ መጠጣት ቀንሼ ነበር፤ ለስኳር በሽተኛ ይህ ክፉ ነው። ወንድሜ መሃሉ የተቀደደ የእንጨት ወንበር ሠራልኝና ተገላገልኩ። ከአንድ የእንጨት ወንበር ይህን ያህል ክብር ይገኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የዕቁባችን ሰዎች ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ሰጡኝ። ለዕዳ ላውለው ስል አከራዬ እትዬ "ዕዳው ይጠብቅሻል፣ መጀመሪያ ሥራሽን አስነሺ" አሉኝ። የኤሌክትሪክ ምጣዴን የሚሸከም ጠረጴዛና ተቀምጬ የምጋግርበት ከፍ ያለ ወንበር አሠራሁ። ከድሮው ግማሹን ያህል እጋግራለሁ። ከሽያጩ ለታክሲ የሚሆን በየቀኑ ለብቻ አስቀምጣለሁ።

ማታ ማታ ልጄ የግራ እግሬን መርገጫ በባትሪ ታየዋለች። በየጣቱ መሃል ሳይቀር። ትናንት ተረከዜ ላይ ትንሽ መቅላት አየች። ዛሬ ሊጥ ሳላቦካ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።